ሞተሩን አታውርደው፤ መጀመሪያ ውሃ ርጭበት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የድሮ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ 22አር ነው፤ ቤንዚን፣ ባለ ካርቡራተር። ከቢቸና መስመር ድንችና ጤፍ አመጣበታለሁ። ሲሄድ ምንም አይልም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ግን መሪው እስኪንቀጠቀጥ ይንዘፈዘፋል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። አባይ በረሃ ስወርድ ደግሞ ይብስበታል። ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቡራተር አሳጠብኩ። ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ ወሰድኩትና በቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሚያነበው) ለክተው ‹11 ነው የሚያነበው፣ መሆን ያለበት 18 ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ› አሉኝ። የጠሩት ዋጋ መኪናውን ራሱን ያሸጠኛል። ላውርደው?»

አታውርደው። ቢያንስ በዚህ ማስረጃ አታውርደው።

ያስፈራህ ቁጥሩ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። 18 የሚለው ውሸት አይደለም፤ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። የጥገና መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ሞተሩን የሞከሩት ማርቆስ ላይ አይደለም። ጌጁ የሚያወዳድረው ሁለት ነገር ነው፤ ውጭ ያለውን አየርና ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ማለት ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ፣ የቀረውን አየር። ከፍታ ላይ የውጭው አየር ራሱ ስስ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ያንሳል፣ መርፌውም ዝቅ ይላል። ሞተሩ ምንም ሳይሆን ማለት ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጌጁ የሚያነበው በኢንች (ሜርኩሪ) ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ቀንስ። ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ 8 ኢንች ይሄዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ከ17 እስከ 21 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ማርቆስ ላይ ከ9 እስከ 13 ያነባል። ያንተ 11 መሃሉ ላይ ተቀምጧል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ ብትለካው 13 አካባቢ ባሳየህ ነበር።

እኔ ይህን በወሬ ሰምቼ ብዙም አላመንኩም ነበር። አንድ ቀን የጌጁን ቱቦ አስረዝሜ በመስኮት ወደ ጋቢና አስገባሁትና ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ወረድኩ። መንገድ ላይ ጥግ እየያዝኩ፣ ማርሹን ፎሌ (ነጻ) እያደረግኩ አነባለሁ። ደጀን ላይ ከ10 ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ድልድዩ ጋ ስደርስ 15 ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያው ሞተር፣ ያው ቀን፣ ማንም ቁልፍ አልነካውም። ረዳቴ «ቁልቁለት ሞተር ያድሳል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቁጥር ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ሆነህ ለካህ ብዬ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ መርፌው ምን እያደረገ እንደነበር ቢነግሩህ ይሻል ነበር። ቆሞ ነበር ወይስ ይዘል ነበር? መርፌው ልክ እንደ ሰዓት እየጠበቀ አንድ አንድ ጊዜ ዝቅ የሚል ከሆነ አንድ ቫልቭ አልገጥም ብሏል፣ ወይም አንድ ሲሊንደር እሳት አያገኝም። ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚዋልል ከሆነ የነዳጅና የአየር መጠኑ ተዛብቷል። ቆሞ ግን ከልኩ 2 ወይም 3 ኢንች ዝቅ ካለ ፋዙ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት) ዘግይቷል ወይም ሞተሩ አየር ይስባል።

ያንተ 11 ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ከ13 የወረደም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ከምልክቱ ግን እኔ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። አየር ይስባል። በካርቡራተሩ በር ያልገባ፣ ነዳጅ ያልተቀላቀለበት አየር በሆነ ስንጥቅ በኩል ይገባል።

ምክንያቴን ልንገርህ። ሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ የሚስበው አየር በጣም ትንሽ ነው። በዚያች ትንሽ አየር ላይ ከስንጥቅ የምትገባ ሌላ አየር ስትጨመር ድብልቁን ታቀጥነዋለች። ነዳጅ ስትሰጠው ግን በሩ ይከፈትና ብዙ አየር ይገባል፤ የስንጥቋ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። በአንድ ጣሳ ጠላ ላይ አንድ ስኒ ውሃ ብትጨምር የመጀመሪያው ጠጪ ያውቅብሃል። እንስራው ላይ ብትጨምር ማንም አያውቅብህም። «ሲሄድ ምንም አይልም» ያልከው ይህንን ነው። ያለቀ ፋሻ ቢሆን ዳገት ላይም ይደክም ነበር፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨስ ነበር፣ ዘይት ይጠጣ ነበር። ስለነዚህ አንዱንም አልጻፍክም።

አባይ በረሃ መባሱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ካርቡራተርህ ማርቆስ ላይ፣ በስስ አየር ነው የተስተካከለው። በረሃው ውስጥ ስትገባ አየሩ ይወፍራል፤ ነዳጁ ባለበት ይቀርና አየሩ ይበዛል። በዚያ ላይ አሁን እንዳየነው የመሳቡ ኃይል ይጨምራል፣ ስንጥቋም ከበፊቱ የበለጠ ትጠጣለች። ማርቆስ ላይ ደጋው የሸፈነልህን ጉድ ቆላው አወጣው።

አንዳንድ ሰው «በረሃ ላይ የሚብሰው ሙቀቱ ቤንዚኑን በቱቦ ውስጥ ስላፈላው ነው» ይልሃል። እሱም ያለ ነገር ነው። ግን ቤንዚን ሲፈላ መኪናው እየሄደም ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፤ ጥላ ስር አቁመህ ካልቀዘቀዘም አይነሳም። ያንተ ሚኒሞ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ወደ ፍለጋው ከመሄድህ በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርግ። የፍሬን ሰርቮው (ፔዳሉን የሚያግዝልህ ክብ ዕቃ) የሚሠራው በዚሁ በማኒፎልዱ ቫኪዩም ነው። ወፍራሙ ቱቦ ወይም ሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ሚኒሞውም ይበላሻል፣ ፍሬንህም ይደነድናል። ሞተሩን አጥፋ። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጥ፣ እንደረገጥክ ያዝና ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ደህና ነው። ንቅንቅ ካላለ፣ ወይም ፍሬን በረገጥክ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ የሚቀየር ከሆነ፣ ሌባህን አገኘኸው። በዚያ መኪና ጭነት ይዘህ ወደ አባይ አትወርድም። አንዳንዱ ቱቦውን በብሎን ደፍኖ «ሚኒሞው ተስተካከለ» ብሎ ይሰጥሃል። ሚኒሞው እውነትም ይስተካከላል። ፍሬንህ ግን በእግርህ ጉልበት ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ የደጀንን ቁልቁለት ደግሞ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ሰርቮው ደህና ከሆነ ፍለጋውን ጀምር። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ብትጀምር ጥሩ ነው። ብረት ሲሞቅ ያብጥና አንዳንዱን ስንጥቅ ይደፍነዋል፤ ማርቆስ ላይ ደግሞ የጠዋት ብርድ ሞልቷል። ጋቢህን ግን አውልቅ። ቀልዴን አይደለም። ቬንትሌተሩና ችንጋው ጫፉን ካገኙት አይለቁትም።

አስነሳው፣ የአየር ፊልትሮውን ቤት አንሳ። ከሥሩ የተሰኩ ቀጫጭን ቱቦዎች ይኖራሉ፤ ከማኒፎልዱ የሚመጡትን በብሎን ወይም በእንጨት ድፈናቸው። ካልደፈንካቸው ራስህ አዲስ ቀዳዳ ፈጠርክ። ከዚያ የካርቡራተሩን አፍ በመዳፍህ ቀስ እያልክ ግማሽ ያህል ሸፍነው፣ ወይም ቾኩን ሳብ። አየር አሳነስክበት ማለት ነው። ሞተሩ ረጋ ካለ፣ ዙሩም ከጨመረ፣ ቀድሞ አየር በዝቶበት ነበር። ይህችን አንዷን ሙከራ ግን ሞተሩ ሲሞቅ ድገማት፤ ያልሞቀ ሞተር ጤነኛም ቢሆን ቾክ ይወዳል። የባሰ ካነቀውና ጥቁር ጭስ ካወጣ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ነዳጅ በዝቶበታል። ያኔ የሚታዩት ካርቡራተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠሩት ተንሳፋፊዋና መርፌዋ ናቸው። ፊትህን ብቻ ከላይ አትደፋበት። ካርቡራተር ሲያስነጥስ ቅንድብ ይወስዳል። የኔ ሁለት ጊዜ ሄዶ በቅሏል።

ቀጥሎ ጆሮ። ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ ፈልግ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ ያዝ፣ ሌላውን በካርቡራተሩ ሥርና በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ላይ በቀስታ አዙረው። አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ስትደርስ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ እንደ እባብ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ሞተር ጫጫታ ነው፣ ግን ቱቦው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያሰማህ።

ከዚያ ርዕሱ ላይ ያልኩት ውሃ ይመጣል። ልብስ ስንተኩስ የምንረጭባትን ፕላስቲክ ውሃ ሙላባት። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ ትንሽ እየጠበቅክ፣ ርጭ። ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ውሃው ለአፍታ ይደፍነዋል፤ የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል፣ ፉጨት ካለም ይቆማል። አንዳንዴ ውሃው ሲጠጣ በዓይንህ ታያለህ፤ ጠብታው ወደታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ዲስትሪቢዩተሩና ቦቢናው ላይ አትርጭ፤ ሞተሩ ይንተፋተፍና አዲስ በሽታ አገኘሁ ብለህ ትደነግጣለህ። ብዙ መካኒክ ይህንኑ የሚያደርገው በቤንዚን ነው። ፈጣን ነው፣ አልክድም። በ22አር ላይ የጭሱ ማኒፎልድ በሌላኛው ጎን ስለሆነም ሰው ይደፋፈራል። ግን አንድ ያረጀ የካንዴላ ገመድ ብልጭ ካለ በቂ ነው። ኮፈኑ ተቃጥሎ የተላጠ መኪና አይቻለሁ። ውሃ ነጻ ነው፣ አይነድም።

ቱቦዎቹን በፒንሳ ጨብጥ። ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ አሮጌ ጎማ እንዳይቆረጥ። አንዱን ስትጨብጥ ሞተሩ ከረጋ ችግሩ በዚያ ቱቦ ወይም ቱቦው በሚሄድበት ዕቃ ላይ ነው። አንድ ብቻ አታሳስትህ፤ ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው፣ የሞተሩን ትንፋሽ መልሶ የሚያስጠጣው ቱቦ ሲጨበጥ ዙሩ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤና ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ቫልቭ ግን ነቅለህ አንቀጥቅጣት። ካልተንኳኳች ደርቃለች፤ ታጠብ ወይም ትቀየር።

ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ድስት ክዳን የምትመስል ክብ ዕቃ አለች። ቀጭን ቱቦ ይገባባታል። ቱቦውን ከካርቡራተሩ በኩል ንቀልና በአፍህ ሳብ፣ ከዚያ ጫፉን በምላስህ ድፈን። ምላስህን ይዞ ከቆየ ውስጧ ያለው ላስቲክ ደህና ነው። ወዲያው ከለቀቀ ተቀዷል። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሲሠራ ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ። ካርቡራተሩን አሳጥበሃል። ሳይታጠብ በፊት ነው የጀመረው ወይስ ከታጠበ በኋላ ባሰበት? ከባሰበት ሥሩን እይ። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፈር ያለ ጠንካራ ዕቃ አለ፤ ከላይና ከታች ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ መሃል የሚገባ ወረቀት) አለው። ካርቡራተር ሲወርድ እነዚህ ጓርኒሲዮኖች ይቀደዳሉ። አዲስ ከመቁረጥ ይልቅ አሮጌውን መልሶ መግጠም የተለመደ ነው። አራቱ ዳዶዎችም አንዱ ጥብቅ አንዱ ላላ ሆነው ይቀራሉ፤ በተለይ ቁልፍ የማይገባበት የኋላው። ካርቡራተሩን በሁለት እጅህ ያዝና ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግህም።

ስታወርደው የሥሩን ፊት እይ። አጥብቀው ስለሚያስሩት ጠርዙ ይጣመማል። የመስኮት መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርጋና ካርቡራተሩን ከላይ አድርገህ ክብ ክብ እያልክ አሸው። ሁሉም ቦታ እኩል ሲያበራ ቀጥ ብሏል። ጓርኒሲዮኑን ከጓርኒሲዮን ወረቀት ራስህ መቁረጥ ትችላለህ፤ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አስቀምጥና ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፣ ራሱ ይቆረጣል። ሲልከን አትቀባው። ቤንዚን ሲልከንን ይበላዋል፤ ያብጥና ቁርጥራጩ ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ) ውስጥ ይገባል። ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ እጥበት ትከፍላለህ።

ሥሩ ደህና ሆኖ ውሃው በካርቡራተሩ በር ዘንግ ዙሪያ ድምፅ ከቀየረ፣ ዘንጉ ቤቱን በልቶታል። ከዋናው መንገድ ገባ ብለህ የምትጭን ሰው ነህና አቧራው እዚያ ይደርሳል። ያ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ ቡሽ ያገቡለታል።

የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ከሆነስ? ካንዴላዎቹ ይነግሩሃል። ሚኒሞ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየውና አጥፋ። አራቱንም ፍታ፤ በተራቸው፣ ሳይቀላቀሉ ጨርቅ ላይ ደርድራቸው። ሁሉም አመድ መስለው ከነጡ አየሩ የሚገባው ሁሉም በሚጋሩት ቦታ ነው፤ የካርቡራተር ሥር ወይም ትልቅ ቱቦ። አንዱ ብቻ ነጥቶ ሌሎቹ ቡናማ ከሆኑ በዚያ ሲሊንደር አፍ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ማኒፎልዱን ከመፍታትህ በፊት የራዲያተሩን ውሃ አፍስስ፤ በዚህ ሞተር ላይ ውሃ በማኒፎልዱ ውስጥ ያልፋል። ስትመልሰው ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቅ።

ሁሉንም ፈትሸህ አንድም ስንጥቅ ካላገኘህ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ የሚኒሞው ጂግለር ነው። እሱ ከተደፈነ ቾክ ስትስብ ልክ እንደ ስንጥቅ ሞተሩን ያረጋዋል፣ ውሃው ግን ምንም አያሳይህም። ካርቡራተሩ ላይ ገመድ የገባባት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ቁልፉን ስትከፍት «ቲክ» ማለት አለባት። ዝም ካለች ሚኒሞው ነዳጅ አያገኝም። ሁለተኛው የቫልቭ ክፍተት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። የጠበበ ቫልቭ ከአየር መሳብ ጋር አንድ ዓይነት መንዘፍዘፍ ያመጣል።

ፋሻውን መጠርጠር የሚቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም በኮምፕረሽን ጌጅ ይለካል እንጂ በቫኪዩም ጌጅ አይፈረድበትም። እዚህም ያው ወጥመድ አለ። የማርቆስ አየር ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መጽሐፉ 170 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር ማርቆስ ላይ 125 ወይም 130 ቢያሳይህ ጤነኛ ነው። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ በጣም ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው። ካልወጣ በአብዛኛው ቫልቭ ነው፤ ያም ቢሆን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ብቻ ይወርዳል እንጂ ሞተሩ በሙሉ አይወርድም።

የናፍታ መኪና ኖሯችሁ ይህን የምታነቡ፣ አይሱዙም ሆነ የናፍታ ሃይሉክስ፣ ይህ የናንተ አይደለም። በአብዛኛው የናንተ ቫኪዩም የሚመጣው ከፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ሚኒሞ ላይ ቢንቀጠቀጥባችሁ ወደ ነዳጅ መስመሩ ሂዱ።

መንገድ ላይ ሆነህ የተቀደደ ቱቦ ካገኘህ ከከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ በደንብ ወጥረህ ጠቅልለው፣ ፋሼታ እሰርበት። ማርቆስ ያስገባሃል። የግሉኮስ ቱቦ ግን አትሰካበት። ሲሞቅ ይለሰልስና ቫኪዩሙ አፉን ያጣብቀዋል።

ስንጥቁን ከዘጋህ በኋላ ሞተሩ በኃይል ይጮህብህ ይሆናል። አትደንግጥ። መንቀጥቀጡን ለመሸፈን አንዱ የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆት ነበር ማለት ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በካቻቢቴ በደቂቃ ወደ 700 ወይም 750 ዙር አውርደው። ከዚያ የነዳጅ መጠን ማስተካከያዋን ቀስ እያልክ ዝጋ፤ እስከ መጨረሻ አታጥብቃት፣ ጫፏ ይጎዳል። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር መልሰህ ክፈታት፣ ዙሩ ከፍ ብሎ እስኪረጋ። እዚያ ላይ ሌላው ሰው ይተዋታል። አንተ በረሃውን የምትወርድ ሰው ስለሆንክ ሩብ ዙር ያህል ጨምርላት። ማርቆስ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይሸታል፣ አባይ ድልድይ ላይ ግን አይጠፋብህም።

ውሃው የት ላይ ድምፁን እንደቀየረው ጻፍልኝ። መርፌው ይዘል እንደነበርም እነዚያን የጋራዥ ሰዎች ጠይቃቸውና አብረህ ንገረኝ።